የእግር ማሳረፊያዋ የት ሄደች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ የስፖርት መኪኖች እድሳት የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ቡና እየጠጣሁ፣ አንዴ ተናድጄ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው የገባኝ፦ አሮጌ መኪና ስትታደስ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደነበረችው መሆን አለባት፤ አንድ ቡሎን እንኳ የቀየረ ሰው ታሪክ አጥፍቷል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። መኪና የሚወዱ ሰው መሆናቸው ግን ያስታውቃል። ከ13 ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ እኔም እሳቸው ያሉትን እል ነበር። እንደውም እብስ ነበር። ግን አንዲት ነገር ልንገራቸው። እሳቸው ያሉትን ሁሉ እኔ አድርጌዋለሁ። አድርጌውም ታሪክ ያጠፋሁት እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ሥራዬ መካኒክነት ነው። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ጋራዥ ካቻቢቴ በማቀበል ጀመርኩ። ዛሬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሰው መኪና እየጠገንኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ያደግኩበት ጋራዥ ውስጥ "ኦርጅናል" የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ሶማሌ ተራ ሄደህ ዕቃ ስትጠይቅ ባለሱቁ "ኦርጅናል ነው የምትፈልገው፣ ታይዋን ነው፣ ቻይና?" ይልሃል። በቃ። ኦርጅናል ማለት ቶሎ የማይሰበር፣ ዋጋው የሚያቃጥል ዕቃ ማለት ነው። መኪናዋ ራሷ ኦርጅናል ናት አይደለችም ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም። ጋሼ እንላቸው የነበሩት አለቃችን የላዳ ጓርኒሲዮን (ዘይትና ውሃ እንዳያፈስ በብረት መሐል የሚገባውን) ከካርቶን ቆርጠው ያስገቡ ነበር። ከአሮጌ ካላማዳሪም የማይሠሩት ጎማ ነክ ነገር አልነበረም። ላዳ ራሷ ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ስለሆነች የፊያት ዕቃ ከተገኘም ይሞከራል። ገጠመ፣ ገጠመ። ካልገጠመ ይሞረዳል።

አሜሪካ ስመጣ ነው ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው የገባኝ። እዚህ ኦርጅናል ማለት ያልተነካ ማለት ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ኮፈኑ ሥር ካለችው ሳህን ቁጥር ጋር ይመሳከራል። የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ሳይቀር የዘመኑ ዓይነት መሆን አለበት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀስ በቀስ ግን በሽታው እኔንም ያዘኝ።

ያሲያዘችኝ ዳትሰን 240ዜድ ናት። አሜሪካኖቹ "ዚ" ይሏታል፣ እኔ ግን ዜድ ብዬ ነው ያደግኩት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጃፓን ውስጥ በ1969 መጨረሻ ፌርሌዲ ዜድ ተብላ ወጣች፤ አሜሪካ የገባችው በ1970 ነው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 2,393 ሲሲ፣ 151 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ካርቡሬተር። ፊት ዲስክ ፍሬን፣ ኋላ ታምቡር። ዋጋዋ 3,526 ዶላር። ያኔ በዚህ ገንዘብ እንዲህ ያለ መልክና ጉልበት የሚሰጥ የአውሮፓ መኪና ማግኘት ከባድ ነበር። እኔ የማውቃት ዳትሰን አዲስ አበባ ውስጥ ጎመንና ሽንኩርት የምታመላልሰው ፒካፕ ናት። ይህችን ሳይ የሀብታም የአጎቷን ልጅ ያየሁ ነው የመሰለኝ።

የኔዋን በ2008 ከአንዲት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ገዛኋት። ባለቤታቸው በ1971 አዲስ ሆና የገዟት፣ እስኪሞቱ የነዷት ናት። ቀለሟ ብርቱካናማ፤ የፋብሪካው የቀለም ቁጥር 918። ወለሏ በዝገት ተበልቷል፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ላሜራም እንደዚያው። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚነሰንሱበት አገር 240ዜድ ስትገዙ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ዳሽቦርዷም ተሰነጣጥቋል፤ ያልተሰነጠቀ አግኝቼ አላውቅም፣ ፀሐይ አይችልም።

ሰውዬው የአየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ይህ ነገር መኪናዋ ላይ በሙሉ ይታያል። ሁለቱን ካርቡሬተር አውጥተው ሚኩኒ የሚባለውን የጃፓን ካርቡሬተር ሦስት ገጥመዋል። ከዳሽቦርዱ ሥር የዘይት ሙቀት መለኪያ በራሳቸው እጅ ሠርተው አስገብተዋል። ከሁሉ የገረመኝ፣ የሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ ያለ ቡሎን ሁሉ እንደ አውሮፕላን በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ጠምዛዛው እኩል፣ ጫፉ የታጠፈ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ንጹሕ ሥራ ደንበኛ መኪና ላይ አላየሁም። ተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት ደግሞ ወለሉ ላይ ምንጣፍ የተለበሰች የእንጨት ጉማጅ በሁለት ቡሎን ተይዛለች። ምን እንደሆነች አልገባኝም። ዝም ብላ እንጨት ናት።

ሁሉንም ነቀልኩት።

አራት ዓመት ፈጀብኝ። ቅዳሜና እሑድ የለም። ባለቤቴ "አንተ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ይቺን?" ማለት ከጀመረች በኋላ ነው ቀን መቁጠር የተውኩት። የፋብሪካውን ሁለት ካርቡሬተር ከካሊፎርኒያ አስመጣሁ። ሚኩኒዎቹን በ2011 ከሪችመንድ ለመጣ አንድ ወጣት ሸጥኩለት፤ ገንዘቡ ለወለሉ ላሜራ ዋለ። የሽቦ እስሮቹን በፒንሳ እየቆረጥኩ ጣልኳቸው፤ "ፋብሪካው አላሰረም" ብዬ። እንጨቷ ቆሻሻ ውስጥ ገባች።

ቀለሙን ሌላ ቦታ ነው ያሠራሁት፤ ስሙን አልጠራም። ቡሎኖቹን እንዳትነኩ ብዬ ነበር። ከፋብሪካ ሲመጡ ወርቅማ ቢጫ ቅብ አላቸው፤ የአሮጌ መኪና ትዕይንት ላይ ዳኞች እሱን ነው የሚያዩት። ስመለስ ሁሉንም በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው ጥቁር ቀለም ነፍተውባቸዋል። "አሁን አማረ አይደል?" አለኝ ሰውዬው። ለአንድ ደቂቃ መልስ አጣሁ። እንደገና ፈትቼ እያንዳንዷን ያንን ቢጫ ቅብ ለማስነከር ሌላ አምስት ወር ሄደ። ይህን የማወራው ለማማረር ብቻ አይደለም (ለማማረርም ነው)። እንደ ፋብሪካው መመለስ ምን ያህል ልብ እንደሚያደርቅ ለማያውቅ አንባቢ ነው። ኒሳን ራሱ (ዳትሰን የሱ የንግድ ስም ነበር) በ1997 አካባቢ አሮጌ 240ዜዶችን ገዝቶ፣ አስድሶ፣ በ25,000 ዶላር ገደማ መሸጥ ጀምሮ ነበር። 200 ያህል ሊያስድስ አስቦ ከ40 ገደማ አላለፈም። የሠራት ኩባንያ እንኳ አልሆነለትም።

በ2012 ጨረስኩ። በዚያው በጋ ለትዕይንት አቀረብኳትና ዋንጫ አገኘሁ። ትንሽ ዋንጫ ናት፤ ሳሎን አለች። ደስ ብሎኝ ወይዘሮዋን ደወልኩላቸውና መኪናዋን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ወጥተው አዩዋት። በጣም ቆንጆ ሆነች አሉ። ዞረው ዞረው አዩና "ልቀመጥ?" አሉኝ። በሩን ከፈትኩላቸው።

አጭር ሴት ናቸው። ተቀመጡና እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። እግራቸው አየር ላይ ቀረ። ወዲያና ወዲህ አሉት፣ አንድ ነገር እየፈለጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና "የኔ ነገር የት ሄደች?" አሉ።

ያቺ እንጨት የእሳቸው የእግር ማሳረፊያ ነበረች። ባለቤታቸው በተጋቡ ሰሞን የሠሩላቸው። እግራቸው ወለሉን በደንብ ስለማይነካ ረጅም መንገድ ሲሄዱ ያማቸው ነበር። 37 ዓመት እዚያች ላይ እግራቸውን አሳርፈው ሄደዋል። "ጣልኳት" ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። "ጋራዥ ውስጥ አለች" አልኩ። ዋሸሁ። ይኸው አሁን በጋዜጣ ተናዘዝኩ፤ እሳቸው አማርኛ አያነቡም።

እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው። መኪናዋ ፋብሪካ ውስጥ የቆየችው ስንት ቀን ነው? ከሰውዬው ጋር የኖረችው ደግሞ 37 ዓመት። እኔ ለጥቂት ቀን ታሪክ ብዬ የ37ቱን ዓመት በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት። ዳኞቹም ለዚያ ነው ዋንጫ የሰጡኝ።

ደግሞስ "እንደ ፋብሪካው" ሲባል የትኛው ፋብሪካ? የመጀመሪያዎቹ 240ዜዶች የኋላ መዝጊያቸው ላይ ሁለት የአየር መውጫ ነበራቸው። የማርሚታ ጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል እየተባለ ብዙ ተማርሮባቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ፋብሪካው መውጫውን ከኋላ መዝጊያው አንስቶ ወደ ጎን፣ ከመስኮቶቹ ኋላ ወሰደው። የኔዋ በ1970 መጨረሻ የተሠራች ስለሆነች የድሮው ነው ያላት። ኦርጅናል ናት፤ ትሸታለችም። ጃፓን ውስጥ የተሸጠችው 240ዜድጂ ደግሞ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ፓራፋንጎዋ ላይ ተጨማሪ ክፈፍ በሪቬት የተመታባት ናት። ያንኑ ክፈፍ እዚህ አገር አንድ ወጣት ቢገጥም "አበላሻት" ይባላል። የኒሳን የአሜሪካ ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ "ፌርሌዲ" የሚለውን ስም ስላልወደዱት አርማውን አስነቅለው 240ዜድ የሚለውን አስለጠፉ ይባላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሞዲፋይ አድራጊ አለቅየው ናቸው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወዳት 240ዜድ ግን ፈጽሞ ኦርጅናል ያልሆነች ናት። በ1971 ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ባካለለው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ኤድጋር ሄርማንና ሃንስ ሹለር አንደኛ የወጡባት ቀይዋ መኪና። ሁለተኛ የወጣችውም 240ዜድ ነበረች፤ ሾፌሩ ሼካር ሜህታ። ሜህታ የኡጋንዳ ተወላጅ ነው፤ በ1973 ደግሞ ራሱ በ240ዜድ አንደኛ ወጣ። እነዚያ መኪኖች ለዚያ መንገድ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ጭቃውን፣ ድንጋዩን፣ ድንገት ከጫካ የሚወጣውን እንስሳ እያሰቡ። የ1971ዷ አሸናፊ ዛሬ ጃፓን፣ ዛማ ውስጥ ባለው የኒሳን ስብስብ ትገኛለች። ሞተሯ እንዲሠራ አድርገዋል። ገላዋ ላይ ያለውን ጭርምት ግን አልቀጠቀጡትም፣ ስቱኮም አልለጠፉበትም። ከራሊው እንደተመለሰች ናት። ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር ያቺ እንጨት ትዝ ትለኛለች።

እንዲህ ስል ግን ሁሉም ያሻውን ያድርግ ማለቴ አይደለም። የኔ መስመር ግራይንደር፣ ብረት መቁረጫው ነው። በቁልፍ የተፈታ ነገር በቁልፍ ይመለሳል። ላሜራ ከተቆረጠ ግን አበቃ። ትልቅ የአሜሪካ ቪ8 ሞተር ለማስገባት የወለሉን መሐል የሚቆርጡ፣ ሰፊ ጎማ ለማስገባት ፓራፋንጎውን የሚያነሱ ሰዎች አሉ። በኋላ ሲሰለቻቸው ይሸጧታል፣ ገዢው ለእኔ ያመጣታል፣ እኔም የሌላ ሰው ቁርጥራጭ ስበይድ እውላለሁ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅም ባለፈው ዓመት የቮልሱን ጣሪያ ቆርጬ ክፍት ላድርጋት ብሎ ደወለልኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። መልሼ ደወልኩና "አገራችን በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች፤ ያላችሁት ያለው ብቻ ነው። መቀመጫውን ቀይር፣ ቀለሟን ቀይር፣ ቴፕ ግጠም፤ ጣሪያውን ግን ተው" አልኩት። ትቶታል። ብቻ ሮዝ ቀብቷታል። ይሁን፣ ቀለም ነው።

ፍሬን ላይ ደግሞ ከጸሐፊው ጋር ከነጭራሹ አልስማማም። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላት መኪና የጥንታዊ መኪና ታርጋ ማውጣት ትችላለች። ያንን ካወጣች በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ ይቀርላታል። ማለትም ፍሬኗ ይያዝ አይያዝ የሚያይላችሁ የለም፤ ከናንተና ከእግዜር በቀር። መንገዱ ላይ ደግሞ ከፊታችሁ ያለው የዘንድሮ መኪና ነው፤ እሱ ባለበት ይቆማል፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ በ2014 የፊት ካሊፐሮቿን (የፍሬኑን ዲስክ የሚጨብጡትን) አውጥቼ የቶዮታ ፒካፕ አስገባሁላት። አዎ፣ ዳትሰን ላይ ቶዮታ። የዜድ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ በነበረው ቡሎን ይገጥማል። ማለት ይቻላል። ከዲስኩ ኋላ ያለችው የአቧራ መከላከያ ላሜራ ትንሽ ትነካለች፣ እሷን ጫፏን ቆርጫለሁ። ስለ ግራይንደር ያልኩትን አልረሳሁትም። ያቺ ቁራጭ ተጽፎባት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች።

ፑንቲናውንም (የካንዴላውን እሳት የሚያቆራርጠውን) አውጥቼ ከኋለኛዋ 280ዜድኤክስ የወጣ ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር አድርጌላታለሁ። ጠዋት በመጀመሪያው ነው የምትነሳው። የቤንዚን ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሬያለሁ፤ የዛሬው ቤንዚን ውስጥ ያለው ኤታኖል የድሮ ጎማ ይበላል፤ ኦርጅናል ቱቦ ይዞ መቃጠል ምን ይባላል? ባለአምስት ማርሹ ካምቢዮ ደግሞ ዘንድሮ ገባ። የወጣው ሁሉ መደርደሪያ ላይ አለ። ነገ ልጄ ልትሸጣት ብትፈልግ ገዢው በሁለት ቅዳሜ ወደ ነበረችበት ሊመልሳት ይችላል።

ገንዘቡንስ? ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ በ2020 መጀመሪያ አንዲት የ1971 240ዜድ በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር ተሸጣለች። ዜናው የወጣ ሰሞን ባለቤቴ ጋራዡን በር ከፍታ መኪናዋን በአዲስ ዓይን አየቻት። ግን ያቺ የታደሰች መኪና አይደለችም፤ 21,000 ማይል ብቻ የሄደች፣ ሰው ያልነካት ናት። እንደዚያ ያለች ካገኛችሁ አትንኳት፤ አቧራዋን እንኳ ቀስ ብላችሁ ነው። የኔዋና የብዙዎቻችሁ ግን ከሰው ጋር የኖረች ናት። እሷን እንዳልኖረች አስመስዬ ሳድሳት አዲስ አልሆነችም። የሷ ያልሆነ ልደት ነው የሰጠኋት።

ወይዘሮዋ አሁንም አሉ። ዘጠናን ተሻግረዋል። ከዋሸሁ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አንድ የዋርካ ጉማጅ... ይቅርታ፣ የኦክ ጉማጅ ቆርጬ፣ ምንጣፍ አልብሼ፣ በድሮዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ አሰርኳት። ቀዳዳዎቹን በወቅቱ መድፈን ረስቼ ነበር፤ እግዜር ነው። በየዓመቱ ቅጠሉ ሲቀላ መጥቼ ወደ ሼናንዶዋ ተራራ እወስዳቸዋለሁ። እግራቸውን እንጨቷ ላይ ያሳርፋሉ። ያቺው የድሮዋ እንዳልሆነች ያውቁ ይሆን? ጠይቀውኝ አያውቁም። ባለፈው ዓመት ትዕይንት ላይ ዳኛው ጎንበስ ብሎ አያትና "ይቺ ምንድን ናት?" አለኝ። "ኦርጅናል" አልኩት። ነጥብ ቀነሰ።

የቡሎን ሽቦውንም ከዩቲዩብ አይቼ ማሰር ተምሬያለሁ። እንደ ሰውዬው አልሆነልኝም። ጠምዛዛዬ እኩል አይመጣም።

የቀሩኝ ሚኩኒዎቹ ናቸው። በ2011 ከሪችመንድ የመጣው ወጣት ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ሰማያዊ 280ዜድ የነበረው ነው። ስልኩ ጠፍቶብኛል። ካርቡሬተሮቹን ሲወስድ በመሐለኛው ሥር በመርፌ የተጫረች የሰውዬው የስም የመጀመሪያ ፊደል ነበረችበት። ከገዛበት እጥፍ እከፍላለሁ። እሱ ጋዜጣችሁን አያነብ ይሆናል፤ ግን በዚያች ከተማ ሐበሻ ጎረቤት አያጣምና፣ ያወቀ ይንገርልኝ።

የድሮ መካኒክ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ